ከሰማይ የሚታይ ቆርቆሮ

ባለፈው ሳምንት ከጄኔቭ ዳር፣ ቶኔ ሄጄ ነበር። ጉልበቴን የሚያሽልኝ ሰውዬ እዚያ ነው ያለው፤ ከምኖርበት ከሰርቬት ተነሥቼ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለብኝ፣ ይሁን፣ ቤት ከመቀመጥ ይሻለኛል። ከትራም ወርጄ ጥቂት እንደሄድኩ አንድ አሮጌ ቤት ጣሪያው ተገልጦ፣ ዙሪያውን የብረት መወጣጫ ተተክሎለት አየሁ። አጥሩ ላይ የጣሪያ ሸክላ ናሙና ደርድረዋል፤ ቀይ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ አንዱ ደግሞ ያረረ ዳቦ የመሰለ። ባልና ሚስት ፊቱ ቆመው ይከራከራሉ። እኔ መቼም እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም፣ ቆምኩ። ሴትየዋ ዞር ስትል አየችኝና ባሏን የምትረታበት ሰው ያገኘች መስሏት «እርስዎስ ማዳም፣ የትኛው ይሻላል ይላሉ?» አለችኝ። «ሰማያዊ» አልኳት፣ ሳላስበው። ሁለቱም ሳቁ። ሰውየው «ሰማያዊማ ብናደርገው ኮሚዩኑ መልሶ ያስነሣናል» አለኝ። ኮሚዩን የሚሉት የእኛ ቀበሌ ዓይነት ነገር ነው፤ እዚህ አገር ቤቱ የገዛ ቤትህ ቢሆንም የጣሪያህን ቀለም እነሱ ካልፈቀዱልህ ወፍ የለም። በሉ ይቅናችሁ ብያቸው ሄድኩ። ግን ምን ያደርጋል፣ ጉልበቴ እየታሸ እንኳን አርፌ መተኛት አቃተኝ፤ ሰውዬው «ኧረ ይረጋጉ!» እያለ ተቆጣኝ። ያ ሰማያዊ ቆርቆሮ አንዴ ትዝ ካለኝ ወዲያ እኔ መረጋጋት የሚባል ነገር የለኝም።

ያን ጊዜ፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ጄኔቭ ውስጥ አንድ ዲፕሎማት ቤት እሠራ ነበር። የእኔ ቢጤ የአገሬ ሴቶች ብዙ ነበርን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንለቀቅ ከኮርናቨን ባቡር ጣቢያ ጀርባ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ በር ላይ እንሰበሰባለን። ሁላችንም እመቤቶቻችን የሰለቿቸውን ካፖርቶች ለብሰን፣ እጅጌው የረዘመብን አጥፈን፣ ትከሻው የሰፋብን ትከሻችንን ነፍተን፣ ለሚያየን የሚኒስትር ሚስቶች እንመስል ነበር። ካርዱን በሳንቲም እንፍቃለን፣ አንዷ ቁጥሩን ታነባለች፣ አንዷ ትመታለች፤ ባለ አሥር ፍራንኩ ካርድ «እንዴት ናችሁ፣ ደኅና ናችሁ፣ እነ እገሌስ» ሲባል እዚያው ሰላምታው ላይ ያልቃል። ከመካከላችን አንዷ ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ነበራትና አንዱን የጆሮ ገመድ ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እሷ በግራ እኔ በቀኝ ጆሮ እየሰማን ትከሻችንን ስንሰብቅ ገመዱ ይነቀላል፣ እንደገና እንሰካለን። አሁን በዚያ ሱቅ ቦታ የስልክ ሽፋን ነው የሚሸጠው። አንዳንዴ ሳልፍ ቆም እላለሁ፣ ሻጩ የምገዛ ይመስለውና ብድግ ይላል፣ አፍሬ እሄዳለሁ።

ታናሽ እህቴ የሺ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። አገር ቤት አስተማሪ ነበረች። ለምን እንደወጣች አልዘረዝርም፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ወጣ፣ እሷም ወጣች፣ አለቀ። እኔ ጄኔቭ ብኖርም እሷን የመደቧት ዙሪክ ነው፤ «እህቴ እዚያ አለች» ብትል ማን ሊሰማት! ቪዲኮን በሚባል ሰፈር፣ ከትራሙ መንገድ ከፍ ብሎ፣ ከሌላ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ሰጧት። እዚያ ሰፈር ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ የአይሁድ አባቶች ልጆቻቸውን አስከትለው በጥድፊያ ይሄዳሉ፤ የሺ በመስኮት እያየቻቸው «እነዚህ ሰዎች የሚደርሱበት ቦታ አላቸው፣ ሲያስቀኑ» ትላለች። እሷ የምትደርስበት አልነበራትም። የሰጧት አውስቫይስ፣ መታወቂያዋ ማለቴ ነው፣ ሥራ አያሠራም፤ ከአገሩ ከወጣች ደግሞ ተመልሳ አትገባም። እናታችን ኮልፌ ናት፣ ዕድሜዋ ገፍቷል። እኔ በማዳም፣ በአሠሪዬ፣ በኩል ያገኘሁት ወረቀት ስለነበረኝ መሄድ መመለስ እችላለሁ፣ የሺ አትችልም። እማዬን ዳግመኛ በዓይኗ ታያት እንደሆነ የሚነግራት ሰው አልነበረም። የዚያ ዘመን ጭንቃችን ይኸው ነበር፣ ሌላው ሁሉ የዚህ ትርፍ ነው።

ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ባቡር እይዛለሁ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ግድም ነው፤ ቁጭ ማለት ስለማልወድ ግማሹን ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነው የምሄደው። ባቡር ውስጥ የሚሸጠው ዳቦ በዚያ ዘመን ሳይቀር የሚያስደነግጥ ዋጋ ነበረውና ከማዳም ኩሽና የተረፈውን በፎይል ጠቅልዬ እይዛለሁ። ስደርስ የሺ ጣቢያው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሁለታችንም መቀመጫው የሚቆረቁረን ሰዎች ነን፣ ከአባታችን የወረስነው ነው፤ እሱ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው። የሺ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛቻት ቢጫ ጃኬት ነበረቻት፣ ዚፗ ግማሽ ላይ የሚቆም። ጃኬቷን ገና ከሩቅ አይቼ፣ ከሰው ሁሉ ለይቼ፣ «መጣሁ!» ብዬ እጮኻለሁ። ዛሬም ሕዝብ መካከል ቢጫ ነገር ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል።

አብራት የምትኖረው ልጅ ሰሚራ ትባላለች። የደሴ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ገና ሃያ ያልሞላት፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ጀርመንኛ ትምህርት ቤት የምትሮጥ፣ ጨዋ፣ ግን ተረበኛ። ከትምህርት ቤቷ ያዋሷት ኮምፒውተር ነበር። አንድ ቀን ምድርን ከላይ የሚያሳየውን ካርታ ከፈተችልን። ያን ጊዜ አዲስ ነገር ነው፣ አፋችንን ከፍተን ነው ያየነው። «እትዬ፣ ይምጡማ፣ ደሴ ልውሰድዎት» አለችኝ። ምድር እየዞረች መጣች፤ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያ፣ ተራራ፣ ከዚያ ቤቶች። ሰሚራ ጣቷን አሳረፈች። «ይኸው መስጊዳችን። የሚናራውን ጥላ አዩት? ከጥላው ጫፍ አጠገብ ያለው የእኛ ቤት ነው። አባቴ እዚያ ውስጥ ያንኮራፋል።» ተሳሳቅን። የሺ ግን አልሳቀችም፤ «ኮልፌ፣ ኮልፌን አምጪ» አለች፣ ወንበሩን ልትቀማት ምንም አልቀራት።

ኮልፌን አመጣችልን። የቀለበት መንገዱን አገኘን፣ አጠና ተራን አገኘን፣ ወንዙን አገኘን። ከዚያ ወዲያ ያለው ዝገት ነው። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ፣ ዝገት በዝገት ላይ፣ አንዱን ቤት ከሌላው የሚለይ አንዳች ነገር የለም። የሺ «ይሄ ነው» ትላለች፣ ጥቂት ታይና «አይ፣ ይሄኛው ነው» ትላለች፣ ወፍጮ ቤቱን ምልክት ላድርግ ትላለች፣ ወፍጮ ቤቱም ዝገት ነው። ተወልዳ ያደገችበትን ቤት ሦስት ቦታ ላይ አሳየችን። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። «የገዛ ቤቴን ማወቅ አቃተኝ» አለች። ሰሚራ ልታጽናናት ብላ «ታዲያ እናንተም መስጊድ ሥሩበት» አለቻት፤ የሺ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሺ በር ላይ ነው የምትጠብቃት። ኮምፒውተሩን ተቀብላ በዚያ ዝገት ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ታመሻለች፣ ምግብ እንኳ አይበላላትም።

በዚህ መሃል ነው ወንድማችን ደምሰው የደወለው። ኮልፌ ከእማዬ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። «ቆርቆሮው አልቆለታል፤ ባለፈው ክረምት እማዬ ከጠብታው ለመሸሽ አልጋዋን ስታዞር ነው የከረመችው። ዘንድሮ ዝናብ ሳይገባ ካልቀየርነው ቤቱ መኖሪያ አይሆንም» አለን። ተስማማን። ቀለሙ ላይ ግን መስማማት ከየት ይምጣ! እኔ ወዲያው «ቀይ ይሁን» አልኩ። ከማዳም ቤት የላይኛው ፎቅ ሆኜ የማየው ጣሪያ ሁሉ ቀይ ሸክላ ነው፤ ደግሞ ቀይ ክብር አለው፣ ሰው ሲያልፍ «የነ ወይንሸት ቤት» ብሎ ይጠቁመዋል ብዬ። ወይንሸት እኔ ነኝ። ደምሰው «አረንጓዴ ይሻላል፣ ቆሻሻ ይችላል» አለ። እማዬ ስልኩን ተቀብላው «ምን ቀለም ቀለም ትላላችሁ? እኔ እንደሆነ የምተኛው ከሥሩ ነው፣ ቀለሙን የሚያየው አሞራ» አለች። ይህን ለየሺ ስነግራት ቀና አለች። «አሞራዋ እኔ ነኝ» አለች።

ቪዲኮን፣ ትራሙ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ የቀለም ሱቅ ነበር። የቀለሙን ዓይነት የሚያሳዩ ቁራጭ ወረቀቶች በነፃ ይሰጣሉ። የሺ ገብታ አንድ እፍኝ ሙሉ ይዛ ወጣች፤ ሻጩ ቤተ መንግሥት ልታስቀባ ሳይመስለው አልቀረም። ወረቀቶቹን ስክሪኑ ላይ እያስጠጋች ከዝገቱ ጋር ታስተያያለች። ቀይ ይዋጣል፤ እውነቷን ነው፣ ከላይ ሲያዩት ቀይና ዝገት ወንድማማች ናቸው። አረንጓዴ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይጠፋል። ነጩ እንደማንኛውም አዲስ ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ወደ ቦሌ በኩል ስትንሸራተት አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አየች፣ የአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ። የቱንም ያህል ወደ ላይ ብትርቅ ትታያለች። «ሰማያዊ» አለች የሺ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ሰማያዊ ቤት የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ምን ይለናል?» አልኳት። «ሰው ያለው ከታች ነው፣ የፈለገውን ይበል። እኔ ከላይ ነኝ።» ተጨቃጨቅን፣ ሰሚራ መስገጃዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ እስክትወጣ ድረስ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የሺ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እታለም፣ አንቺ ትሄጃለሽ፣ በሩን ታንኳኪያለሽ፣ ትገቢያለሽ፣ ትስሚያታለሽ። እኔ ያለኝ ይቺ ቀዳዳ ናት» አለችና ስክሪኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። እታለም የምትለኝ ታላቋ ስለሆንኩ ነው። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲያ ቀይ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ደምሰው ሻንጣዬን ሳይቀበለኝ ገና «ሰማያዊ የለም» አለኝ። ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ቡናማ አለ፣ ሰማያዊ ግን የለም። መርካቶን ከሱቅ ሱቅ እግሬ እስኪነቃ ዞርኩ። «እናት፣ ቀዩን ውሰጂ፣ ዘመናዊ ነው» ይሉኛል። «ሰማያዊ ነው የምፈልገው።» «ሰማያዊ እኮ ለጋራዥ ነው፣ ለመኖሪያ አይሆንም።» «እኔም ለጋራዥ ነው!» አልኩ መጨረሻ ላይ፣ ሲሰለቸኝ። በየሱቁ ወጣቶቹ ያን ጊዜ የወጣውን ሱሪ ከወገባቸው ዝቅ አድርገው፣ ከየበሩ ዘፈኑ እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ የተሸካሚው «ዞር በሉ!» ሳይቀር አሁን እዚህ ተቀምጬ ይታየኛል፣ ይሰማኛል። ሰማዩ ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ደምሰው አሮጌውን ቆርቆሮ ማውለቅ ጀምሯል፣ ፈቃዴም እያለቀ ነው፤ ዶፉ ከቀደመን እማዬን የት ላድርጋት? እንዲህ ስባክን አንዱ ነጋዴ ለትምህርት ቤት ታዞ የተረፈ ሰማያዊ መጋዘን ውስጥ እንዳለው ነገረኝ። ስናየው ዋናውን ቤት ያለብሳል፣ ለማድ ቤቱ አይበቃም። ማድ ቤቱ እንደዛገ ይቅር፣ ጫኑልኝ አልኩ።

ቆርቆሮው ሲመታ ሰፈሩ ወጥቶ አየ። «ወይኒ፣ መዋኛ ገንዳ አሠራችሁ እንዴ?» ይሉኛል። «አዎ፣ የዋና ልብሳችሁን ይዛችሁ ኑ» እላለሁ። ሥራው ባለቀ ማግስት ዶፉ ወረደ። እማዬ አልጋዋ ላይ ተንጋልላ፣ ጠብታ የማይወርድበትን ኮርኒስ እያየች፣ እንደ ልጅ ሳቀች። እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ማዳም ፎቶውን ሳሳያት «የባሕር ዳር ቤት ነው?» አለችኝ፤ አዎ ብያት ወደ መተኮሻዬ ሄድኩ።

እማዬ ግን ነገሩን የተረዳችው በራሷ መንገድ ነው። ደምሰው «የሺ ቤቱን ከሰማይ በሳተላይት እንድታየው ነው» ብሏታል። እማዬ ደግሞ ሳተላይት የሚባለውን ታውቀዋለች፤ ጎረቤቶች ዲሽ ተክለው ኳስ ሲያዩ አይታለች፣ እዚያ ማዶ ጎል ሲገባ እዚህ ኮልፌ ይጮኻል። «እነዚያን የሚሮጡ ልጆች ወዲያው የሚያሳይ ነገር፣ እኔን አንድ ቦታ የተቀመጥኩትን አሮጊት ማሳየት ያቅተዋል?» አለች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷን ታጥባ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ፣ ዱካዋን ይዛ ግቢው መሃል መቀመጥ ጀመረች። ክፈፉ ሥር አይደለም፣ ግልጡ ላይ፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ። ፀሐዩ ሲበረታ ደምሰው ወደ ቤት ግቢ ይላታል፣ «ልጄ ሳታየኝ?» ትላለች። የልብስ ገመዱን ይከልለኛል ብላ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ አስዛወረችው። እጣቢ ግቢው ላይ የደፋ ሰው ወየውለት፤ «እየታየን ነው!» ትላለች። ደምሰው ሳይቀር ሞቅ ብሎት ሲመጣ «የሺ ታይሃለች፣ ቀጥ ብለህ ግባ» እየተባለ ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር።

ዙሪክ ካርታውን ስንከፍተው ያለው ግን ያው ዝገቱ ነው። ሰሚራ አስረዳችን፤ ፎቶው የተነሣው ድሮ ነው፣ አንድ ቀን በአዲስ ይቀየራል፣ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ይኸው እንግዲህ፣ ያ ሁሉ መባከን! ቆርቆሮው ኮልፌ ላይ ተመትቷል፣ ስክሪኑ ላይ አልተመታም። የሺ በየቀኑ ትከፍታለች፣ ዝገት፣ ትዘጋለች። ስትደውል ደግሞ እማዬ ከሰላምታው በፊት «ዛሬ አየሽኝ?» ትላታለች። የሺ አንጀቷ አልችል አለ። «አየሁሽ፣ እማዬ» አለቻት። አንዴ ካሉ በኋላ መመለሻ የለውም። እማዬም ዋዛ አይደለችም፣ ትፈትናታለች፣ «ምን ለብሼ ነበር?» ትላለች። ስለዚህ የሺ አስቀድማ ደምሰው ዘንድ በእጅ ስልኩ ትደውላለች፤ ጥለቱ ምን ዓይነት ነው፣ ሻሽ አድርጋለች ወይ፣ ማን አጠገቧ ተቀምጧል። ከዚያ በቤት ስልኩ እማዬን ታገኛታለች። «እትዬ አስካለ መጥተው ሲያጫውቱሽ ነበር አይደል?» ስትላት እማዬ በደስታ ጎረቤቱን ሁሉ ትጣራለች። አንድ ቀን ደምሰው ስልኩን አላነሣም። የሺ በግምት «ጥለቱ አረንጓዴው ነው» አለቻት።  እማዬ «ዛሬ ደመና ነበር ልጄ፣ አይፈረድብሽም» አለች። የሺ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ንድድ አልኩ።

እኔ ውሸት አልወድም፣ እየቆየ የሚያድግ ውሸት ደግሞ በተለይ አልወድም። አሮጊት ሴት በፀሐይና በብርድ ተቀምጣ ለማንም የማይታይ ፊቷን ወደ ሰማይ ታቅና? «ዛሬውኑ እነግራታለሁ» አልኩ። የሺ ስልኩን አቀብላኝ «ንገሪያታ» አለችኝ። እማዬ ድምፄን ስትሰማ ደስ አላት፤ ስለ ወገቧ፣ ስለ ጤፉ መወደድ፣ ስለ ደምሰው አለማግባት አወራችኝ። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ስላት «ቆይማ» አለችኝ፣ «እኔስ ይኸው የሺ ታየኛለች። አንቺን እዚያ ማን ያይሻል?» ምን ልበላት? በዚያ ትልቅ ቤት ከመተኮሻው ክፍል ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ፎቅ ስባክን የምውል ሴት ነበርኩ፣ ዛሬ ምን ለበስሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። «እግዜር ያየኛል» አልኳት። «እሱማ ሁሉንም ያያል» አለች፣ አልረካችም። ስልኩን ዘጋሁ። የሺ «ነገርሻት?» ስትለኝ «አፍሽን ዝጊ» ብያት ካፖርቴን አንሥቼ በእግሬ እስከ ሐይቁ ድረስ ሄድኩ። ተመልሼ ስመጣ ሰሚራ ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ለየሺ ሥራ ፈቀዱላትና አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ምግብ ማመላለስ ጀመረች፤ ከአገር መውጣት ግን አሁንም ክልክል ነው። ፈረንጅ አሮጊቶቹን መስኮት አጠገብ ስታስቀምጣቸው ፊታቸውን ወደ ውጭ እንደምታዞርላቸው ነግራኛለች። ሰማያዊው ቆርቆሮ ፀሐይ መታውና ገረጣ አለ ደምሰው። ስክሪኑ ላይ ዝገት። አሁን ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ከኮልፌ ጋር ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ደግሞ ይሰለቻቸዋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ እንኳ የሚመጣልን እየተቆራረጠ ነበር። እማዬ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ታመመች ሳትባል አረፈች። ጠዋት ግቢው ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ደከመኝ ብላ ጋደም አለች፣ አልነቃችም። ቀብሩን አቆይተውልኝ ደረስኩ። የሺ ቪዲኮን ቀረች፤ ሰሚራና የአገር ልጆች ክፍሏን ሞልተው፣ ግማሹ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ለቅሶ ተቀመጡላት። እኔ ከቀብር መልስ ግቢው መሃል ቆሜ ወደ ላይ ቀና አልኩ። ምንም የለም፣ ሰማይ ነው። ስመለስ የሺ ከዚያ ወዲህ ካርታውን ከፍታ አታውቅም። «ማንን ልይ ብዬ?» አለችኝ።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሰሚራ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ኮልፌ ፎቶው ተቀይሯል። የሺ ግን አላይም ብላ ፊቷን አዙራለች፣ እርስዎ ይምጡ።» ማዳም ዕለቱን እንግዶች ነበሯት። ዘመድ ታሞብኛል አልኳትና ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ፤ ምን እንዳለችኝ እንኳ አልሰማሁም። ከሎዛን በኋላ ባዶ ወንበር ሞልቶ እያለ በሩ ላይ ቆሜ መስታወቱን በጥፍሬ ስቆረቁር ደረስኩ። የሺ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። «ተነሺ» አልኳት። «አሁን ምን ሊያደርግልኝ?» አለች፣ ሳትዞር። «እኔን መርካቶ ለመርካቶ ያዞርሽበት ሰማያዊ ነው! ሳታይው አትቀሪም፣ ተነሺ!» ብርድ ልብሱን ገፈፍኳት። ተነሣች።

ሰሚራ ከፈተችው። መፈለግ አላስፈለገም። በዚያ ሁሉ ዝገት መሃል አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ፣ ከጎኗ የማድ ቤቱ ዝገት። የሺ አፏን በእጇ ያዘች። ሰሚራ አቀረበችው፣ አሁንም አቀረበችው። ግቢያችን ነው። ግቢው መሃል፣ ከክፈፉ ወጣ ብሎ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ ትንሽ ጥላ ከአጠገቧ ወድቋል። 

እኔ መቼም ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፎቶው እማዬ በሕይወት ሳለች የተነሣ ይሆናል፣ ግን የሺ ተስፋ አድርጋ እንደገና እንድትሰበር አልፈለግኩም። የተሰጣ ልብስ ቢሆንስ? ጄሪካን ቢሆንስ? እዚያው ቆሜ ደምሰው ዘንድ ደወልኩ፣ ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርጌ።

«ደምሰው፣ ግቢው መሃል ነጭ ነገር ምን ነበረን?»

«ነጭ? የቱ ጋ?»

«መሃሉ ላይ፣ ከክፈፉ ወጣ ብሎ። ጄሪካን ነው? አንሶላ ሰጥታችሁ ነበር?»

«ጄሪካናችን ቢጫ ነው። ልብስ የሚሰጣው ከማድ ቤቱ ጀርባ አይደል፣ ይከልለኛል ብላ ገመዱን አስነቅላን?»  ከዚያ የጠየቅኩት ነገር ገባው። «እታለም፣ እዚያ ቦታ ከእማዬ በቀር ማን ተቀምጦ ያውቃል?»

ሰሚራ ከወንበሩ ልትነሣላት ስትል የሺ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ አስቀመጠቻት። ከኋላዋ ጎንበስ ብላ ነጥቧን በጣቷ ነካቻት። «ጥለቱ አይታይም» አለች።  ከዚያ «አየሁሽ፣ እማዬ» አለች። ቃሉ ያው ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ስትዋሻት የኖረችው ነበር።